የተዘጋው መንገድ ሲከፈት
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! የዛሬው ንግግራችን መነሻ ከአንዲት እህታችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ስናነብ ዓይናችን እንባ አቅርሯል። ጥያቄው የእርሷ ቤት ብቻ አለመሆኑን ስላወቅን በሁላችሁም ፊት ልናነሳው ወደድን።

እህታችን እንዲህ ትላለች። አባቷ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ለሐጅ የሚሆናቸውን ገንዘብ ከሐላል ሥራቸው ጥቂት በጥቂት ሲያጠራቅሙ ብዙ ዓመት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ተራቸው ደረሰ፤ ኢሕራማቸውም ታጥቦና ታጥፎ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መንገዱ ተዘጋ። በ2021ም ለውጭ ሰው አልተከፈተም። በ2022 ሲከፈት ደግሞ ከ65 ዓመት በታች ለሆኑት ብቻ ተባለ፤ እርሳቸው 68 ሞልቷቸው ነበር። ያን ጊዜ አንድ ደላላ ወደ ልጆቹ መጥቶ፣ «ዕድሜያቸውን በወረቀት ዝቅ አድርጌ፣ የምርመራውንም ወረቀት ጨምሬ እጨርስላችኋለሁ» አላቸው። ልጆቹ አባታቸውን ከመውደዳቸው የተነሳ ልባቸው ተከፈለ። አባት ግን ነገሩን ሲሰሙ፣ «ልጆቼ፣ ለበይክ የምለው ለማን ነው? ዕድሜዬን የሰጠኝ እርሱ አይደለም ወይ? በውሸት ወረቀት ቤቱን አልረግጥም» ብለው እምቢ አሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አኼራ ሄዱ። የዕድሜው ገደብ የተነሳው እርሳቸው ከሞቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2023 መጀመሪያ ነው።

የእህታችን ጥያቄ ይህ ነው፦ «ታላቅ ወንድሜ እስከ ዛሬ፣ 'ያኔ ደላላውን ብንሰማው ኖሮ አባባ ሐጅ አድርገው ይሞቱ ነበር' እያለ ይቆጫል። ጥፋተኞች ነን ወይ? አባባስ ሐጁ አመለጣቸው ወይ?»

ወደ መልሱ ከመድረሳችን በፊት መንገዱ ለምን እንደተዘጋና እንዴት እንደተከፈተ እናስታውስ። መልሱ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና።

በሩ የተዘጋበት ጊዜ

የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27/2020 ከውጭ ለሚመጡ የዑምራ ተጓዦች በሩን ዘጋ። በማርች መጀመሪያ በከዕባ ዙሪያ ያለው የጠዋፍ ስፍራ ለማጽዳት ሲባል ባዶ ሆኖ በቴሌቪዥን ያየን ሰዎች ያንን ምስል የምንረሳው አይደለንም። ማርች 11 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አሳወቀ። ማርች 15 ወደ ሳዑዲ የሚደረገው ዓለም አቀፍ በረራ ቆመ። ሁለት ቀን ቆይቶ ከሁለቱ ሐረሞች በቀር በአገሪቱ መስጊዶች የጀማዓ ሶላት ተቋረጠ።

በአገራችንም የመጀመሪያው ታማሚ ማርች 13/2020 (መጋቢት 4 ቀን 2012) ተገኘ። ከአሥር ቀን በኋላ ከውጭ የሚገባ ሁሉ ለ14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ። በኤፕሪል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ አውቶቡሱና ታክሲው በግማሽ ተሳፋሪ እንዲሄድ ታዘዘ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ብዙ አገሮች የሚያደርገውን የመንገደኛ በረራ አቁሞ ከአንዳንድ አውሮፕላኖቹ ወንበሩን እየነቀለ ዕቃና የሕክምና መሣሪያ ጫነባቸው። በዓለም ደረጃ በ2019 ወደ 4.5 ቢሊዮን የነበረው የአውሮፕላን ተሳፋሪ በ2020 ወደ 1.8 ቢሊዮን ወረደ።

ያንን ረመዷን ብዙዎቻችን ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን። ዒዱንም እንደ ልማዳችን ስታዲየም ሳንወጣ፣ ዘመድ ሳንጠይቅ አሳለፍነው። የቀን ሠራተኛው ሥራ ፈታ። በዐረብ አገር ያለች ልጁ በምትልክለት ገንዘብ የሚኖረው አባት እጁ አጠረ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ መዝጋት ቀላል ነገር ነበር የሚል ሰው የድሃውን ቤት አላየም ማለት ነው።

ታዲያ ያን ጊዜ አንዳንድ ወንድሞች፣ «የአላህ ቤት እንዴት ይዘጋል? ቀደርን ፈርቶ መሸሽ ኢማን ማነስ አይደለም ወይ?» ይሉ ነበር። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ ከእኛ በፊት ታላቁ ሶሓባ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ጠይቀውታል።

ከቀደር ወደ ቀደር

ነገሩ የሆነው በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን፣ ከሂጅራ በኋላ በ17ኛውና በ18ኛው ዓመት አካባቢ ነው። ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ስፍራ ሲደርሱ በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ሐሳባቸው ተለያየ። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። በመጨረሻ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ተመለስ» አሏቸው። ዑመርም መመለስን ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ሽሽት ነው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ ነገሯቸው። ምሳሌም ሰጧቸው፦ ሰው ግመሎቹን ይዞ አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ ከሆነ ሸለቆ ቢወርድ፣ በለምለሙ ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው፤ በደረቁም ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው።

በዚህ መካከል ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሯቸው። ወረርሽኝ በአንድ አገር መኖሩን የሰማ ሰው ወደዚያ እንዳይገባ፣ ባለበት አገር የተነሳበት ሰው ደግሞ ሸሽቶ እንዳይወጣ የሚያዘው ሐዲስ ነው። ዑመርም ውሳኔያቸው ከነቢዩ ቃል ጋር በመግጠሙ አላህን አመስግነው ተመለሱ።

እስቲ ልብ እንበል! ይህ ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ሐኪም በአጉሊ መነጽር ተሕዋሲውን ከማየቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ የመንገድን ሕግ ደነገገ። ሐዲሱ ለሁለት ሰዎች ይናገራል። ውጭ ያለው ራሱን እንዲጠብቅ ይነግረዋል፤ ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላውን እንዲጠብቅ ያዘዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ምክንያቱም ጤነኛ መስሎ የሚታየው ሰው በሽታው ውስጡ ሊኖር ይችላል። ዛሬ ሐኪሞች እንደሚነግሩን ኮሮና የያዘው ሰው ሳል ወይም ትኩሳት ሳይጀምረው ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። የ14 ቀኑ ቆይታም የመጣው በሽታው ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ እስከዚያ ሊደርስ ስለሚችል ነው።

መንገደኛ በሽታን ይዞ መሄዱን የሐጅ ታሪክም ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1865 በመካ ሑጃጆች መካከል ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ወደ ስዊዝ፣ ከስዊዝ ወደ ግብፅ፣ ከግብፅም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ቀድሞ በግመል ወራት ይፈጅ የነበረው መንገድ በመርከብ ቀናት ሆኖ ስለነበር በሽታው በመንገድ ላይ የሚበርድበት ጊዜ አላገኘም። አውሮፕላን ደግሞ ቀናቱን ሰዓታት አደረጋቸው። ጧት ጅዳ የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ቡና ይጠጣል።

ስለዚህ መንገዱ ሲዘጋ በቤቱ የተቀመጠ ሙስሊም ከዒባዳ አልራቀም። እንዲያውም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ በወረርሽኝ ጊዜ አላህ የጻፈው እንጂ ሌላ እንደማያገኘው አውቆ፣ ምንዳውን ከአላህ ከጅሎ ባለበት በትዕግስት የተቀመጠ ሰው የሸሂድ ዓይነት ምንዳ እንዳለው ተነግሯል።

በሩ እንዴት ተከፈተ?

ውድ አድማጮች! የተዘጋን በር ሁልጊዜ ዘግቶ መኖር አይቻልም። ሰው መብላት አለበት፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ አለ፤ ልጁን የሚናፍቅ አለ። ነገር ግን ከመዝጋት ይልቅ መክፈት የበለጠ ጥበብ ይጠይቃል። መዝጋት በአንድ ትእዛዝ ይፈጸማል። መክፈት ግን ማንን አስቀድሞ፣ ስንቱን፣ በምን ሁኔታ የሚል ሚዛን አለው።

የሁለቱ ሐረሞች አከፋፈት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2020 የአገር ውስጥ በረራና ከመካ ከተማ ውጭ ያሉ መስጊዶች ሜይ 31 ተከፈቱ። የመካ ከተማ መስጊዶች ግን ሦስት ሳምንት ቆይተው ጁን 21 ተከፈቱ። በዚያ ዓመት (1441 ዓ.ሂ) ሐጅ በሳዑዲ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈቀደ፤ የተነገረው ቁጥር ወደ 1,000 ነበር። በ2019 ግን ወደ 2.5 ሚሊዮን ሑጃጅ ነበሩ። ከዚያ ዑምራ ኦክቶበር 4 ለአገር ውስጥ ነዋሪዎች በቀን 6,000 ሆኖ ተጀመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 15,000 ሆነ። ኖቬምበር 1 ከውጭ ለሚመጡ ተከፍቶ 20,000 ደረሰ። ከውጭ የሚመጣውም የምርመራ ውጤት ይዞ፣ ሲደርስ ሦስት ቀን በማረፊያው ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ።

በእያንዳንዱ እርምጃ መካከል ለምን ሁለት ሳምንት? ዛሬ በሩን በመክፈታችን የሚያዘው ሰው ዛሬ ሆስፒታል አይታይም። በሽታው እስኪወጣበት፣ እስኪጠናበት፣ እስኪመረመር ቀናት ይፈጃሉ። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍቶ፣ ውጤቱን አይቶ፣ ከዚያ ቀጣዩን መክፈት ግድ ነው። ደግሞም የተከፈተ በር ተመልሶ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በዲሴምበር 2020 አዲስ የቫይረሱ ዝርያ ሲሰማ ሳዑዲ ድንበሯንና በረራዋን ለሁለት ሳምንት ያህል እንደገና ዘግታ ነበር። በ2021 ሐጅ በውስጥ ላሉና ለተከተቡ 60,000 ሰዎች ተፈቀደ። በ2022 ለአንድ ሚሊዮን ሰው ተከፈተ፤ ዕድሜያቸው ከ65 በታች ለሆኑት ብቻ። በ2023 የዕድሜውም ገደብ ተነስቶ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሑጃጅ ዐረፋ ላይ ቆሙ። በዚያው ዓመት ሜይ 5 የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን አስታወቀ።

አረጋውያን መጨረሻ የተፈቀደላቸው ክብራቸው አንሶ አይደለም። በሽታው የሚበረታው በእነርሱ ላይ ስለነበረ ነው። አንድ ወጣት በጉንፋን መልክ የሚያልፈው በሽታ ሽማግሌውን ከአልጋ ላያስነሳው ይችላል። የእህታችን አባት የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ማለትም ለእርሳቸው ሲባል በተሠራ ገደብ።

በደረጃ የሚከፈት መንገድ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወትም አለ። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ከ1,400 ያህል ሶሓቦች ጋር ኢሕራም አድርገው፣ የሚታረደውን እንስሳ ነድተው መካ ደጃፍ ሁደይቢያ ደረሱ። ከዕባን ለማየት ጥቂት ሲቀራቸው ተከለከሉ። ሶሓቦች አዘኑ፤ ልባቸው ተሰበረ። ነቢዩ ግን ውሉን ፈረሙ፣ እዚያው አርደው፣ ጸጉራቸውን ተላጭተው ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው ገቡ፤ ያውም ለሦስት ቀን ብቻ። ሦስቱ ቀን ሲያልቅ እንደ ውላቸው ወጡ። ከዚያ በ8ኛው ዓመት መካ ተከፈተች። በ10ኛው ዓመት የመሰናበቻውን ሐጅ አደረጉ። እነዚያ ሶሓቦች በጓሮ ሾልከው ለመግባት አልሞከሩም። የታገሠው ትውልድ በግልጽ በር፣ ራሱን ቀና አድርጎ ገባ።

ዑመርም (ረ.ዐ) ከሰርግ ተመልሰው በዚያው አልቀሩም። አቡ ዑበይዳና ሙዓዝ ኢብን ጀበል (ረ.ዐ) በወረርሽኙ አለፉ። ከእነርሱ በኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ሰዉ ወደ ተራራ ወጥቶ እንዲበተን አዘዙ፤ በአላህ ፈቃድም በሽታው ተነሳ። የታሪክ ጸሐፍት እንደሚሉት መንገዱ ሰላም ሲሆን ዑመር ወደ ሻም ሄደው የሞቱትን ሰዎች ውርስ ለባለ መብቶቹ አከፋፈሉ፤ የተበተነውን የሕዝብ ጉዳይ አስተካከሉ። መጀመሪያ የተመለሱትም ሆነ በኋላ የሄዱት ሰውን ለመጠበቅ ነው።

ወረቀቱ አማና ነው

አሁን ወደ ደላላው እንመለስ። መንገድ ሲከፈት መንግሥት ለተጓዡ በሩን ይከፍትለታል፤ ተጓዡ ደግሞ እውነቱን ይሰጣል። የምርመራ ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የዕድሜ ማስረጃ ማለት ተጓዡ አብሮት ለሚሳፈረው ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ይህ ምስክርነት ከተበላሸ በደረጃ መክፈት የሚባለው ነገር ሁሉ ይፈርሳል፤ መንገዱም እንደገና ይዘጋል። በፌብሩዋሪ 2021 የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት በአውሮፕላን ጣቢያዎችና በኢንተርኔት የሚሸጥ የሐሰት የምርመራ ወረቀት መብዛቱን አስጠንቅቆ ነበር። ችግሩ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሃይማኖት ሰዎች ብቻ አልነበረም።

አንዳንዱ ሰው፣ «ወረቀት ነው፤ ማንን ይጎዳል?» ይላል። እስቲ እንቁጠር። ትኩሳቱን በኪኒን አስታግሶ፣ የሰው ውጤት ይዞ የተሳፈረ መንገደኛ አጠገቡ የተቀመጠችው ነፍሰ ጡር ናት። ከኋላው ያሉት የስኳር በሽታ ያለባቸው እናት ናቸው። ሲወርድ ሻንጣ የሚያነሳለት ልጅ አለ፤ ቤት ሲደርስም አንገቱ ላይ የሚጠመጠሙት አያት አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢሞት ገዳዩን ማንም ሰው አያውቅም። አላህ (ሱ.ወ) ግን ያውቃል። በራሳችንና በአላህ መካከል ያለውን ጥፋት በተውባ እንለምነዋለን፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ይቅር እስኪል ይጠብቀናል። ያ አንድ ቀን የማናውቀው ተሳፋሪ ጋር የት ተገናኝተን ዐፍው እንባባላለን?

ደግሞ ነገሩ ሐጅ ሲሆን ይብሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጉዳትን ማድረስም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ በዲናችን እንደሌለ አስተምረዋል። ሱና የሆነውን ጥቁሩን ድንጋይ ለመሳም ሰውን መግፋት የማይገባ ከሆነ፣ ሰውን ለሞት አጋልጦ ጠዋፍ ማድረግ እንዴት ይሆናል?

ይህ እንዳለ ሆኖ ሌላውንም ወገን እንናገር። ያን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከሳዑዲ በአውሮፕላን ተመልሰው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተለይተው እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። 14 ቀናቸውን ጨርሰው፣ ነጻ ተብለው ወደ ሰፈራቸው ሲገቡ በር የዘጋባቸው ጎረቤት ነበር። «በሽታ ይዛ መጣች» ተብላ ጀርባ የተሰጣት ልጅ ነበረች፤ ስንት ዓመት ለፍታ ቤተሰብ ስታበላ የኖረች ልጅ! እውነቱን ተናግሮ የታገሠውን ሰው ካገለልን፣ ቀጥሎ የሚመጣው መንገደኛ እውነቱን እንዲደብቅ ያስተማርነው እኛ ነን። ስለዚህ አማናው የተጓዡ ብቻ አይደለም፤ የተቀባዩም ነው።

ለእህታችን የምንሰጠው መልስ

ውድ እህታችን! ጥፋተኞች አይደላችሁም። አባታችሁ በመጨረሻ ዘመናቸው ለእናንተ የተዉላችሁ ውርስ ከገንዘብ ይበልጣል። ታላቅ ወንድምሽን እንዲህ በይው፦ ደላላውን ሰምታችሁ ቢሆን ኖሮ አባታችሁ ምናልባት መካ ይደርሱ ነበር፤ ነገር ግን በማይወዱት መንገድ ይደርሱ ነበር። ሞታቸውም ቢሆን ቀኑ የተጻፈ ነው፤ መካ ቢሄዱም ባይሄዱም አይዘገይም ነበር።

ሐጁ አመለጣቸው ወይ ላልሽው፣ ሐጅ ግዴታ የሚሆነው መንገዱን በቻለ ሰው ላይ ነው። መቻል ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጤናና የመንገዱ መከፈትም ከመቻል ይቆጠራሉ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ወደ ተቡክ በተዘመተ ጊዜ በምክንያት መዲና የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ነቢዩም አብረዋቸው ለነበሩት፣ እነዚያ መዲና የቀሩት ሰዎች በእያንዳንዱ ሸለቆ በምንዳው አብረዋቸው እንደነበሩ ነግረዋቸዋል፤ ያስቀራቸው ምክንያት ነውና። መልካም ሥራ አስቦ ሳይሠራው የቀረ ሰውም ሙሉ ምንዳ እንደሚጻፍለት በሌላ ሐዲስ ተነግሯል። ኢሕራሙን አጥቦ ሣጥን ውስጥ ላኖረ፣ ዓመታት ለጠበቀ፣ ከሐራም መንገድ ለተመለሰ ሰው ከአላህ ችሮታ መልካሙን እንከጅላለን።

እናንተ ልጆቹም ልታደርጉላቸው የምትችሉት ነገር አለ። አንዲት የጁሀይና ጎሣ ሴት እናቷ ሐጅ ለማድረግ ተስላ ሳታደርግ መሞቷን ነግራ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስትጠይቅ፣ እንድታደርግላት አዘዟት፤ በእናቷ ላይ ካለ ዕዳም ጋር አመሳሰሉላት። ስለዚህ ከእናንተ አስቀድሞ ለራሱ ሐጅ ያደረገ ሰው ለአባታችሁ ሐጅ ማድረግ ይችላል፤ በአባታችሁ ላይ ግዴታ ሆኖ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውንና የውርሱን ዝርዝር በአካባቢያችሁ ካሉ ዐሊም ጠይቁ። ያ የሚቆጭ ወንድምሽ ቁጭቱን ወደዚህ ይመልሰው። ሰውነቱ ጤነኛ ነው፤ መንገዱም ተከፍቷል። አስቀድሞ ለራሱ፣ ኢንሻአላህ በሌላው ጊዜ ደግሞ ለአባቱ ለበይክ ይበል።

ለየቤታችን

ውድ አድማጮች! ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይምሰለን። ዛሬም ወደ ሐጅ የሚሄድ ሰው የማጅራት ገትር ክትባት ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት እንዲወስድ ይጠየቃል፤ ከአገራችን የሚነሳ መንገደኛም የቢጫ ወባ ካርድ ይይዛል። ካርዱን እንጂ ክትባቱን የማይፈልግ፣ «ማኅተሙን ብቻ ምቱልኝ» የሚል ሰው በየቤታችን አይጠፋም። ያንን ሰው ከአላህ ፍራቻ ጋር እናስታውሰው። ሽማግሌ አባቱን የሚልክ ልጅ ክትባቱን ቀድሞ ያስወስድ፣ መድኃኒታቸውን ይቋጥርላቸው፣ የሚደግፋቸው ሰው አብሯቸው መኖሩን ያረጋግጥ። ጉንፋን ይዞት የሚያስነጥስ ሰው ለቅሶ ቤትም ሆነ ጁሙዓ ሲሄድ አጠገቡ ያሉትን ሽማግሌዎች ያስብ፤ ቢቻል ቤቱ ይረፍ። ከጉዞ የመጣ እንግዳ፣ «አሞኛል፣ ጥቂት ቀን ራቁኝ» ሲል ደግሞ እናመስግነው፤ ምግቡንም በሩ ድረስ እናድርስለት። ሰበቡን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም፤ ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን ያስተማሩን ነቢያችን ናቸው።

ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ፣ አላህ አይበለውና፣ መንገድ ይዘጋል፤ በጊዜውም ይከፈታል። ያን ጊዜ የእኚያን አባት ቃል በየቤታችን እናስታውስ። ቤቱን በእውነት የፈለገ ሰው በእውነተኛው በር እስኪገባ ይጠብቃል።

ያ አላህ! በዚያ ወረርሽኝ ያለፉትን ወገኖቻችንን ማራቸው፤ መንገድ ላይ የቀሩትን፣ ናፍቀው ያልደረሱትን ያሰቡትን ምንዳ ስጣቸው። የስደተኛ ልጆቻችንን ጠብቅልን። ሕሙማንን አሽር፤ በየሆስፒታሉ ለለፉት ሐኪሞችና ነርሶች መልካሙን መልስላቸው። አካሄዳችንን በእውነት፣ አመላለሳችንን በሰላም አድርግልን። አሚን።

ወሰሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።